ማን ቀረ?

ልጆቼ፣ ጠየቃችሁ፦ «ማኅበሩን ምን አቆመው?
የተማረ ሰው ነው? ወይስ ጾም ያደከመው?»
እኔ ምን አውቃለሁ? በረኛ ነበርኩኝ፣
በቆሮንቶስ ከተማ ቁልፍ ታጥቄ የኖርኩኝ፤
የማውቀው መቀርቀሪያ፣ ማጠፊያና መድረክ፣
ማን ተጋፍቶ እንደገባ፣ ማን ደጅ እንደሚንበረከክ።

ቤቱ የአውፊዲያ ነው፤ ባሏ የሞተባት፣
በነሐስ ንግድ ከብራ አዳራሽ የሰፋላት።
በጌታ ቀን ማታ መቅረዙ ሲለኮስ፣
ዓሣው ገና ሲጤስ፣ ወይኑም ሳይቀንስ፣
ሥራ የሌለባቸው በጊዜ ይደርሳሉ፣
ትራሱን ደገፍ ብለው መዝሙር ይጀምራሉ።
ደግሞም ያምር ነበር፤ ምን ብዬ እዋሻለሁ፣
ያን ዜማ እስከ ዛሬ ሌሊት እሰማለሁ።

ሌሎቹ የሚደርሱት ጨለማው ሲከብድ ነው፤
መርከብ በየብስ ላይ ከባሕር ባሕር ጎትተው፣
ገመድ የላጠው ትከሻ፣ ጨው የበላው ተረከዝ፣
ጌታቸው ካልፈቀደ እግራቸው የማይጓዝ።
አንኳኩተው ሲገቡ መዝሙሩ አልቋል፣
ሳህኑ ተልሷል፣ እንስራው ደርቋል።
«ሰላም ለእናንተ ይሁን» ይላል የጠገበው፤
ሰላሙን በምን ማባያ ይዋጠው የተራበው?

ይህ ለወራት ቆየ። ማንም ክፉ አልነበረም፤
መጥፎ ነገር መቼም ክፉ ሰው አይጠብቅም።
ልማድ እንደ ዝገት ነው፤ ድምፅ የለውም ሲበላ፣
በሩ አምሮ ይቆማል፣ ማጠፊያው ያልቃል ከኋላ።

አንድ ምሽት ዞሲሞስ፣ ከሶርያ የተሸጠ፣
ከሥራ ወደ ማዕዱ በዝናብ መሐል ሮጠ።
ገብቶ ዙሪያውን አየ፤ ምንም አልተናገረ፣
ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ፍርፋሪ ቆጠረ፤
ጣቱን በምራቅ አርሶ አንድ ባንድ እየለቀመ፣
አመስግኖ ጎረሰ፤
                     ቤቱ በዝምታ ታመመ።
አውፊዲያ ጽዋዋን እንደያዘች ቀረች፤
«ለምን አልነገርከኝም?» ብላ እኔን ገሠጸች፤
ለበረኛ አንደበት መቼ ፈቃድ ሰጠች?

በሳምንቱ ማታ ማዕዱ ተሸፈነ፤
«እስኪመጡ እንጠብቅ» አለች፤ ነገሩ እሾህ ሆነ።
ዓሣው ቀዘቀዘ፣ የመብራቱ ዘይት አነሰ፣
የአንዱ ሆድ ጮኸና ሌላው በሳቅ ፈረሰ።
ሁለቱ ተቆጥተው ጫማ አስረው ሄዱ፤
አልተመለሱም ኋላ፤ ያመኛል መንገዱ።
ፈውስ ቀላል ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም፤
ቁስል ሲጠረግ ያማል፤ ደግሞ ሁሉም አይድንም።

ሌሊቱ ሲጋመስ ገመድ ጎታቾቹ መጡ፤
ያልተቆረሰ ኅብስት አይተው በድንጋጤ ተቀመጡ።
አውፊዲያ ቆርሳ ልትሰጥ እጇን ስትዘረጋ፣
ዞሲሞስ «ቆዪ» አላት፤ ዐይኑ ዞረ በየአልጋ።

«ማን ቀረ?»

ተያዩ፣ ተቆጠሩ፤ ኒካሶ ከነልጇ አለች፣
ሳህን አጣቢዋ እንኳ ትራስ ላይ ተቀምጣለች።
«ማን ቀረ?» አለ ደግሞ፤ መጋረጃውን ገልጦ ዘለቀ፣
እኔን በደጅ አገኘኝ፤ ቁልፉን ከወገቤ አላቀቀ።
ለዜማ፣ ለገበታው ስድስት ዓመት የከፈትኩ፣
አንድ ቀን እንኳ ገብቼ ከማዕዱ ያልቀረብኩ፤
እኔው ራሴ እንኳ ራሴን አልቆጠርኩ።

ያን ሌሊት ቀዝቃዛ ዓሣ፣ የጠነከረ ኅብስት በላሁ፤
በሩ ሳይቆለፍ አደረ፤ ሌባ ቢመጣም አልሰማሁ።

ይኸው ነው፣ ልጆቼ፤ ሌላ ምሥጢር የለኝም፤
የተማሩት የሚሏችሁን እኔ አልቃወምም።
ቤቱ ከዚያም ወዲህ ስንት ጊዜ ታመመ፣
በሐሜት፣ በኩራት፣ በወርቅ እየደከመ፤
ግን ኅብስቱ ሳይቆረስ አንድ ሰው ይነሣል፣
ከሁሉ ታናሹ፣ ድምፁ እየሰለለ ይጠይቃል፦

«ማን ቀረ?»

ከዚያ ሁላችን ዝም። ዝናቡ ይሰማል በጣራው።
ዛሬስ፣ ልጆቼ፣ ከደጅ ቁልፉን የያዘው ማነው?